የዓይናማው ነጭ

ዳይሬክተሯ የጠየቀችው ዘጠኝ ሞኒተር ነበር። አጎቴ ያለው ሰባት ነው። የጎደሉትን ሁለት ፍለጋ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከተዘጋ ብዙ ዓመት ወደሆነው የሥርጭት ማሠልጠኛ ምድር ቤት ወረድን።

ምድር ቤቱ ብርሃን የሚያገኘው ከጣሪያው ሥር፣ ከመንገዱ ትክክል ካሉ ጠባብ መስኮቶች ነው። ውጭ ሰው ባለፈ ቁጥር የጫማ ጥላ ግድግዳው ላይ ይዋኝና ይጠፋል። የንብረት ክፍሉ ሽማግሌ ቁልፎቹን እያንቃጨለ ከፊታችን ይሄዳል። እሱና አጎቴ በወጣትነታቸው አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ ሠርተዋል።

«ዓይናማው! ዛሬም እነዚህን ሬሳዎች ትለቅማለህ?»

«አንተስ ዛሬም ትጠብቃቸዋለህ?»

«እኔ እንኳ ደመወዝ አለኝ። አንተ ምን አለህ?»

«የእህት ልጅ አለችኝ። ኢንጂነር ናት።»

«ኢንጂነር ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«ትሸከማለች» አለ አጎቴ።

ተሸከምኩ። አንድ የምስል ሞኒተር ሠላሳ ስድስት ኪሎ ይመዝናል። ክብደቱ ሁሉ ፊቱ ላይ ስለሆነ ያቀፈውን ሰው ወደ ፊት ይጎትታል። ለማያውቀው አሮጌ ቴሌቪዥን ይመስላል፤ ግን ቻናል የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ አንቴና አይቀበልም። የጣቢያ ሰዎች የሚያስተላልፉት ምስል ልክ መሆን አለመሆኑን የሚያዩበት ነው። ሳሎን ያለ ቴሌቪዥን ቢዋሽ የሚሳሳተው አንድ ቤተሰብ ነው። ይኼኛው ሲዋሽ ግን የሚያይ ሁሉ ይሳሳታል።

ከሁለቱ አንደኛው ከወንበር ክምር ሥር አቧራ ለብሶ ተገኘ። ሁለተኛው ካርቶኑ ውስጥ ነበር፤ የፋብሪካው ፕላስተር እንኳ አልተነሣም። ለሠልጣኞች ተገዝቶ፣ ሠልጣኞቹ ሳይመጡ ቤቱ ተዘጋ። አጎቴ ካርቶኑን በመዳፉ ዳበሰው።

«ሃያ ሁለት ዓመት ተኝታለች» አለ። ሞኒተር ለሱ ሁልጊዜ ሴት ናት።

እናቴ ታናሹ ስለሆነች ጋሼ ትለዋለች፤ እኔም ከሷ ሰምቼ ጋሼ እለዋለሁ። ዓይናማው የሚለው ስም የወጣለት ጣቢያ ውስጥ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የምስል ተቆጣጣሪ ነበር። ከሦስቱ ካሜራዎች አንዱ ወደ ቀይ፣ አንዱ ወደ አረንጓዴ ሲሸሽ፣ ሌሎቹ ባልደረቦቹ መለኪያ ላይ ሲያፈጡ፣ እሱ ቀና ብሎ ያይና በሁለት ጣቱ ቁልፍ ነካ ነካ አድርጎ አንድ ያደርጋቸዋል። ዓይናማው ነጭ ካለ ነጭ ነው፣ ይባል ነበር። ይህን እሱ አይናገርም። የምትናገረው እናቴ ናት፤ ብዙውን ጊዜ እኔን ለማናደድ።

ዳይሬክተሯ የምትሠራው ፊልም አንድ አሮጌ የቴሌቪዥን መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ የሚያልቅ ነው። ዘጠኝ ሞኒተር በሦስት ረድፍ ተደርድሮ እንዲበራ ትፈልጋለች፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ። «ዘጠኙም አንድ ዓይነት ነጭ መሆን አለባቸው፤ አንዱ ከተለየ ካሜራዬ ይይዘዋል» አለችው።

«ልጄ፣ ነጩን ለኔ ተይው» አላት ጋሼ።

ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ነጭ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እሷ በሄደች በማግስቱ ጺሙን ተላጭቶ፣ የሥራ ካፖርቱን አጥቦ ሲያሰጣ አየሁት። ጉዳዩ ምን ያህል እንደገባበት ያወቅኩት ያኔ ነው።

ማክሰኞ ከምድር ቤቱ ሁለቱን ይዘን ስንገባ እናቴ በሩን ይዛ ቆማለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ አፏ ላይ መርፌ ነክሳም ትናገራለች።

«አንዲት ሚስት ያቃተህ ሰውዬ ዘጠኝ አስገባህብኝ?»

«እነዚህ አይናገሩም።»

«ቆጣሪው ይናገርልሃል!»

የጋሼ ክፍል ከቤቱ በስተጀርባ ነው። መስኮቱን እናቴ የሰፋችው ድርብ መጋረጃ ሸፍኖታል። ግድግዳውን ራሱ ግራጫ ቀብቶታል፤ ቀይ ግድግዳ አጠገብ የተቀመጠ ነጭ አረንጓዴ ይመስላል ይላል። እዚያ ክፍል ውስጥ ቀትር የለም። ሰዓቱ ምንጊዜም አንድ ነው፤ ሊነጋ ጥቂት የቀረው ይመስላል። የሞቀ አቧራና የብየዳ ጭስ ይሸታል። ሞኒተሮቹ ሲበሩ፣ ሩቅ ቦታ እንዳለች ትንኝ፣ ቀጭን ድምፅ አላቸው። ጋሼ ያንን ድምፅ መስማት ካቆመ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ዕድሜ ከጆሮ መጀመሪያ የሚወስደው እሱን ነው። ስለዚህ ማብሪያውን ተጭኖ ወደኔ ይዞራል።

«ኢንጂነር፣ ትዘፍናለች?»

«ትዘፍናለች።»

ያኔ ይቀመጣል።

እንዴት እንደሚሠራ በልጅነቴ አይቼ ነው ያደግኩት። የኋላውን ክዳን ያነሣል። ምስሉን በሚሠራው የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ በሽቦ ወደ ብረቱ ያፈሳል፤ ጠቅ ትላለች። ክዳኑ ክፍት እስካለ ድረስ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ነው፤ ኤሌክትሪክ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ልብን ያቋርጣልና። አቧራውን በቀለም ብሩሽ ይጠርጋል፣ ያበጡትን ካፓሲተሮች፣ ትንንሾቹን የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያዎች፣ ነቅሎ አዲስ ይበይዳል፣ ክዳኑ ውስጥ በእርሳስ ቀኑን ይጽፋል። መጨረሻ ላይ ነጩ ይመጣል።

«ነጭ የሚባል ቀለም የለም» ይላል። ቱቦው ውስጥ ያሉት ሦስት ጨረሮች ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ናቸው፤ ሦስቱ በልካቸው ሲገናኙ ዓይን ነጭ ነው ይላል። ልኩ የሚገኘው ከጀርባ ባሉ፣ ምስር በሚያካክሉ ቁልፎች ነው። እነሱን በፕላስቲክ ካቻቢቴ ያዞራል፤ ፀጉር ታህል። መለኪያ አይነካም። «መለኪያ ይቆጥራል እንጂ አያይም።»

የጀርባው ክፍል ሞልቶ ስለነበር ያንን ያልተነካ ሞኒተር ሳሎን ውስጥ ከካርቶኑ አውጥቼ አበራሁት። መጋረጃውን ዘጋሁ፣ ባዶ ነጭ ምስል አስገባሁበት፣ እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። መጠበቅ አልወድም። ቆሜ ስልኬን ስነካካ ቆይቼ ቀና ስል ሳሎኑ ሌላ ቦታ ሆኗል። የእናቴ የስፌት መኪና፣ ወንበሮቹ፣ በምስማር የተሰቀሉት ያላለቁ ቀሚሶች፣ ሁሉም ረጋ ባለ ውኃ ሥር የተቀመጡ ይመስላሉ። ቀሚሶቹ ንፋስ ሳይኖር የሚተነፍሱ መሰለኝ። ብርሃኑ ወደ ምንም አያደላም። ነጭ ነው፤ ሌላ የምጨምርበት ነገር የለኝም። ህልም የምወድ ሰው አይደለሁም። ሥራ ነበረብኝና አጠፋሁት።

ከሰዓት በኋላ ተሸክመን ወደ ጀርባው ክፍል ወሰድነውና ጋሼ በቅርቡ በጨረሳቸው ሁለት ሞኒተሮች መካከል አስቀመጥነው። ሦስቱም በሩ። ጋሼ ክንዱን አጣጥፎ አየ።

«ቢጫ ናት።»

አየሁ። እውነትም ቢጫ ነበር።

«ከካርቶን ሳትወጣ አርጅታለች፤ ምስኪን» አለና ካቻቢቴውን አነሣ። አዞረ፣ ራቅ ብሎ አየ፣ አዞረ። «አሁን ነቃች።»

እራት ላይ ይኼንኑ ሳሰላ ነበር። አንድ ዕቃ ሳሎን ውስጥ ነጭ ሆኖ አሥር እርምጃ ተሸክመውት ቢጫ አይሆንም። ወይ ያልተነካው ይዋሻል፣ ወይ ሁለቱ ይዋሻሉ። ያልተነካውን መጠርጠር ግን ምክንያት የለውም፤ ሳሎን ሳበራው ማንም አልነካውም ነበርማ።

የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው። ወረቀት ላይ የሚወጣው ቀለም ስክሪን ላይ ከታየው ጋር እንዲስማማ ስክሪኖቹን አስተካክላለሁ። ለዚህ የምትሆን፣ ስክሪን ላይ እንደ ሸረሪት የምትለጠፍ ትንሽ መለኪያ አለችን። ረቡዕ አስፈቅጄ ይዣት መጣሁ። ጋሼ ከምሳ በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ይተኛል። ወደ ክፍሉ ገባሁና የሞኒተሮቹን ክዳን እያነሣሁ በእርሳስ የተጻፈውን ቀን አነበብኩ፤ ሰባቱን በየቀናቸው ቅደም ተከተል አበራኋቸው።

መለኪያዋን ሳላነሣ ቆሜ ቀረሁ።

የዛሬ ስድስት ዓመት ቀን የተጻፈበት ነጭ ነው። የአምስቱም ነጭ ነው። የአራቱ፣ ሰው በር ከፍቶ እንደወጣበት ክፍል፣ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሏል። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ከጎኑ ካለው የበለጠ ሰማያዊ ነው። ያለፈው ወር የተጻፈበት መጨረሻው ደመና የሌለበት የማለዳ ሰማይ ሆኗል። ሰባት መስኮት ተደርድሮ በየመስኮቱ ሰማዩ አንድ እርምጃ እየቀረበ የሚመጣ ይመስላል። ቀጭኑ ድምፅ ከሰባት ቦታ ይመጣል። ግራጫው ግድግዳ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ ውኃ ውስጥ ይገባል። በጣም ያምር ነበር፤ ያናደደኝም እሱ ነው፤ ምን እንደሆነ ገብቶኛላ። ሞኒተሮቹ አልተበላሹም። ጋሼ ዓይን ውስጥ የሆነ ነገር ሰማያዊውን ዓመት በዓመት እየዋጠው ነበር፤ እሱም ሳያውቅ፣ የተዋጠበትን ያህል ከውጭ እየጨመረ ነበር።

መለኪያዋ ያየሁትን በቁጥር ነገረችኝ።

መንገር ነበረብኝ። አሁን ሳስበው ቀላል ይመስላል። ያኔ ግን ሐሙስ ስምንት ቀን ቀርቶታል፣ እሱ ካፖርቱን አጥቧል፤ እኔ ደግሞ የተበላሸ ነገር ሳይ ከማውራት ማስተካከል ይቀለኛል። ካቻቢቴውን አንሥቼ ሁሉንም መለኪያዋ ነጭ እስክትል ድረስ አዞርኳቸው። አርባ ደቂቃ ፈጀ። የሰው ዓይንም በአርባ ደቂቃ ያለቀልኝ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ከማተሚያ ቤት ስመለስ ጋሼ ክፍሉ መሐል ቆሟል።

«ማነው የነካቸው?»

«ማን ይነካቸዋል?»

«ሁሉም ቢጫ ሆነዋል። ትናንት ደህና ነበሩ።»

«ሙቀቱ ይሆናላ» አልኩት።

«ሙቀቱ» አለ፤ እንደማሰብ አለ። ከዚያ እስከ ምሽት ወደ ሰማያዊ መለሳቸው። ዓርብ እሱ ሲተኛ እኔ ወደ ነጭ መለስኳቸው። ቅዳሜ ከፋ፤ እሱ ሲያዞር እኔ ከአጠገቡ ቆሜ «ጥሩ ነው» እላለሁ፣ ሲተኛ ደግሞ እገለብጠዋለሁ። እናቴ በበሩ አልፋ ሄዳ ተመለሰች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«እያስተካከልኩ።»

«እሱስ ምን ሲሠራ ዋለ?»

«እሱም እያስተካከለ።»

«ጎበዞች» አለችና ሄደች።

ያላሰብኩት ነገር፣ ጋሼ ራሱን የሚጠረጥር ሰው አለመሆኑን ነው። የጠረጠረው ዕቃውን ነው። እሑድ ከሁለቱ ላይ አዲስ የበየዳቸውን ካፓሲተሮች መልሶ ነቀለ። ፊቱ ቤቱ ታማሚ ያለበት ሰው ፊት ሆነ። ምግብ አቀማመሰና ተነሣ። «ሊሞቱ ነው መሰለኝ፤ አንድ ላይ» አላት እናቴን።

ሰኞ በር ከፍቼ ስገባ ከካርቶኑ የወጣው ሞኒተር ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። የኋላ ክዳኑ ወልቋል። ጋሼ አንድ እጁን ኪሱ ከቶ በሌላው የቱቦውን አንገት ይዟል። የቱቦ አንገት ቀጭን ብርጭቆ ነው። ከተሰነጠቀ አየር ይገባና ሃያ ሁለት ዓመት የተኛ ነገር በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፤ እንደሱ ያለ ደግሞ ዛሬ የሚሠራ ፋብሪካ የለም።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ቱቦዋ ሞቷል። አወጣዋለሁ። ሰማያዊውን መሸከም አቅቶታል።»

«ጋሼ ተው።»

«ዞር በይ፣ ብርሃን ከለከልሽኝ።»

«ቱቦው አልሞተም! ዓይንህ ነው!»

እንዲህ ነው የነገርኩት። አራት ቀን ሙሉ የተሻለ አነጋገር ስፈልግ ሰንብቼ ያወጣሁት ይኼን ነው። ከሳሎን ይሰማ የነበረው የስፌት መኪና ቆመ።

ጋሼ የቱቦውን አንገት ቀስ ብሎ ለቀቀ። እጁን ከኪሱ አላወጣም።

«ዓይኔ ምን ሆነ?»

የቀኖቹን ነገር ነገርኩት። ሰባቱን እንዴት እንደደረደርኳቸው፣ ነጩ እንዴት ወደ ሰማይ እንደሚሄድ። መለኪያዋ ያለችውንም ነገርኩት። ከዚያ አንዱን ሞኒተር አበራ፣ ነጭ አስገባበት፣ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። ቆየ። ግራውን ሸፈነ። እንደገና ቀኙን፣ እንደገና ግራውን። እንዲህ ሲያደርግ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ሞኒተር ጎን ለጎን አስቀምጦ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ የሚያየው እንዲህ ነው። በዚያ ክፍል ብርሃን ፊቱ አሮጌ ወረቀት ይመስል ነበር።

«አይስማሙም» አለ በመጨረሻ።

«ምኖቹ?»

«ዓይኖቼ። ግራው ትንሽ ይሻላል። ቀኙ ሻይ ውስጥ ወድቋል።» አሁንም አፈራረቀ። «የትኛው ነው ልኩ?»

«ሁለቱም አይደሉም ጋሼ።»

«ሞራ ነው?»

«ይመስለኛል።»

«ሞራ የበግ ሆድ ውስጥ ነው ያለው ብዬ ነበር የማውቀው» አለ። ልስቅ ስል ዞሮ አየኝ፤ አልሳቅኩም።

«ሐሙስ ዕለት ማነው የነካቸው ስልሽ ማን ይነካቸዋል አልሽኝ።»

«አዎ።»

«ዓርብም። ቅዳሜም። አጠገቤ ቆመሽ ጥሩ ነው እያልሽኝ።»

«እንዳታዝን ብዬ ነው።»

«ስለማዘን ማን ጠየቀሽ? ደህና ካፓሲተር ነቀልኩ። ደህና ቱቦ ልሰብር ነበር። ሞኒተር ሲዋሽ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ? ሞኒተር አይባልም፤ ዕቃ ነው የሚባለው።» ተነሣ። «ሦስት ቀን ዕቃ ሆንሽብኝ።»

ካፖርቱን አውልቆ ምስማሩ ላይ ሰቀለና ወጣ።

እናቴ ደጃፉ ላይ ነበረች። «አውቅ ነበር» አለችኝ ቀስ ብላ። «ነጭ ክር አምጣልኝ ብዬ ልኬው ሦስት ጊዜ ክሬም ቀለም አመጣልኝ። ነጭ እኮ ነው ብሎ ተከራከረኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«አንቺ ለምን አልነገርሽውም?»

ማክሰኞ ሙሉ ቀን አላናገረኝም። ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት ተመለሰ፤ የት እንደዋለ አልተናገረም። ጫማው አቧራ ነበረው። እኔ ክፍሉ ውስጥ ዘጠኙንም በመለኪያዋ አስተካከልኩ፤ አሁን የሚደበቅ ነገር የለም። ሥራው ቶሎ አለቀ። ግን ክፍሉ ውስጥ ብዙ መቆየት አልቻልኩም፤ ዘጠኝ ነጭ አንድ ላይ ሲያይሽ የሆነ ነገር የረሳሽ ይመስልሻል።

ረቡዕ ጋሼ ካፖርቱን ለብሶ ገባ። ሰላም ሳይለኝ ዘጠኙን ሦስት በሦስት ደረደርናቸው፤ መጋረጃውን ሳበ።

«መለኪያሽ ምን አለች?»

«ዘጠኙም አንድ ናቸው።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

አየሁ። ያለ መለኪያ ሲጠይቁኝ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።

«አንድ ናቸው» አልኩ።

«አታፍጪባቸው። ዓይን ቶሎ ይለምዳል፤ የለመደውን ሁሉ ነጭ ነው ይልሻል። ግድግዳውን እዪ። ቆዪ። ግድግዳው እስኪሰለችሽ።» ግድግዳ ቶሎ ይሰለቸኛል፤ ቆየሁ። «አሁን በጨረፍታ፤ መጀመሪያ የመጣልሽ ምንድን ነው?»

መጣልኝ። ከመሐለኛው ረድፍ የግራው ጉንጩ እንደተቆነጠጠ ልጅ ቀላ ብሏል።

«ይኼኛው ወደ ቀይ ይላል። ግን መለኪያው...»

«ማንን ነው የጠየቅኩት?»

የማተሚያ ቤቷ ሸረሪት የተሠራችው ለዛሬ ስክሪን ነው፤ አሮጌ ቱቦ ላይ፣ በተለይ ከተለያየ ፋብሪካ ሲሆን፣ ትንሽ ትስታለች። ይህን ባውቅም አላመንኩበትም ነበር። ጋሼ ከኋላ ዞሮ ካቻቢቴውን ቁልፉ ላይ አሳረፈ። እኔ ከፊት ቆምኩ። እሱ ፊታቸውን አያይም፣ እኔ ጀርባቸውን አላይም።

«ቀይ ቀንስ።»

«ቀነስኩ።»

«ትንሽ።»

«ፀጉር ታህል ነው ያደረግኩት፤ ከዚህ በላይ ምን ላሳንስ?»

«በቃ። ተመለስ። አይ፣ እዚያው።»

«ወስኚ፣ ኢንጂነር!»

እንዲህ እያልን ዋልን። ግድግዳ፣ ጨረፍታ፣ ግድግዳ። ከሁለተኛው ሰዓት በኋላ የምናገረው እኔ መሆኔ ጠፋኝ። ዘጠኙ መስኮቶች ቀስ እያሉ አንዱ ወደ አንዱ ይቀርባሉ፤ ልዩነታቸው መጀመሪያ እንደ ቀለም፣ ኋላ እንደ ሽታ፣ ኋላ እንደ ስሜት ብቻ ቀረ፤ አንዱ ትንሽ የተኛ፣ አንዱ ትንሽ የነቃ። «ይቺ ትነቃለች» ስል ጋሼ ምን ማለትሽ ነው አላለኝም። ጣቶቹ ያውቁታል። እኔ ገና አፌን ሳልዘጋ እሱ አቁሟል። ስንት ሰዓት እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ እናቴ ምሳ አምጥታ፣ ምሳው ቀዝቅዞ፣ መልሳ ወስዳዋለች። አንድ ጊዜ ዘወር ስል ጥላዬን ግራጫው ግድግዳ ላይ አየሁት፤ ከዘጠኝ ወገን በርቶበት ጠርዝ የለውም፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

«ተስማሙ?» አለ ከኋላ።

ግድግዳውን አየሁ። ሰለቸኝ። ዞርኩ።

«ተስማሙ።»

ከኋላ ወጥቶ አጠገቤ ቆመ። ዘጠኙን አየ።

«እኔ እንዴት እንደማያቸው ልንገርሽ? ዘጠኝ ብርጭቆ ቀጭን ሻይ።»

ካቻቢቴው አሁንም እጁ ውስጥ ነበር። አውራ ጣቱ እጀታውን ያሽከረክረዋል፤ ወዲህ፣ ወዲያ። ሠላሳ አንድ ዓመት ቢጫ ሲያይ ሰማያዊ የጨመረ እጅ ነው። ወደ መጀመሪያው ሞኒተር አንድ እርምጃ ሄደ። እኔ እንዳልናገር ጥርሴን ነከስኩ። እጁን ዘርግቶ የሞኒተሩን አናት በጨርቅ ወለወለና ካቻቢቴውን መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ሐሙስ ዳይሬክተሯ ሁለት ተሸካሚ ይዛ መጣች። ዘጠኙን አብርተን ጠበቅናት። ገብታ ቆመች። ካሜራዋን አወጣችና ከመሐል፣ ከጥግ፣ ከታች ተንበርክካ አየችበት። ፊቷ ላይ ብርሃኑ ሲወርድ የማናውቃት ሰው መሰለች፤ ሕፃንም አሮጊትም።

«አንድ ናቸው» አለች። «አንድም የወጣ የለም። ጋሼ፣ ዓይንዎን ያቆይልዎ!»

እናቴ በሩ ላይ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ወለሉን አየሁ። ጋሼ ግን ሳቀ፤ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«አሜን። የዚህን ነጭ ምርቃት ግን ለሷ ስጫት። እኔ ቁልፍ ነው ያዞርኩት።»

ዳይሬክተሯ ዞራ አየችኝ። «ሠላሳ ስድስት ኪሎ ናቸው፣ ከፊት ይያዙ» አልኳቸው ተሸካሚዎቹን።

አንድ በአንድ አወጧቸው። በእያንዳንዱ መውጣት ክፍሉ እየሰፋ፣ ግድግዳው ላይ የአቧራ ቅርጽ እየቀረ ሄደ። መኪናው ከሄደ በኋላ ጋሼ መጋረጃውን ራሱ ከፈተው። ውጭ እንዲህ ያለ ብርሃን እንዳለ የረሳሁት ያህል ነበር። ባዶው ክፍል ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቀኝ ዓይኑን ሸፈነ፣ ወደ መንገዱ አየ፤ ግራውን ሸፈነ፣ አየ።

«ማክሰኞ የት ነበርክ?» አልኩት።

«ሐኪም ቤት። ለቀዶ ጥገና ወረፋ ይዤ መጣሁ። ሞራ ነው አሉ፤ ሁለቱም። ሐኪሟ ያንቺ እኩያ ናት፤ እንዳንቺው ትቸኩላለች።»

«ሁለቱንም ይሠሩልሃል?»

«እሷ ሁለቱንም በተከታታይ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ አለች። አይሆንም አልኳት። ቀኙን ብቻ። ግራው እንዳለ ይቆያል።»

«ለምን? ባንዴ አትገላገልም?»

«ሁለቱንም ከነካሽ በምን ታወዳድሪያለሽ?» አለ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከኢንጂነር በመምጣቱ እያዘነ። «አንዱ እያወቅኩት ይዋሽ። ሌላው ምን ያህል ልክ እንደሆነ የማውቀው በሱ ነው።»

«ቀኙ ከተሠራ በኋላም ልክ ባይሆንስ?»

መጋረጃውን ትንሽ መለስ አደረገው፤ ብርሃኑ በዝቶበት ነበር።

«ያኔ ትነግሪኛለሽ። በዚያው ቀን።»